ምንም የማታውቅ ጸሐፊ

ሰኞ

ለዚህ ሁሉ ጣጣ ተጠያቂዋ የእህቴ ልጅ ናት። ሌላው ሳይጻፍ ይህ ይጻፍልኝ። እናቷ ካረፈች ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት፣ ፀጉሯን ስጎነጉናት ጉልበቴ መሀል ተቀምጣ ስትነጫነጭ ያደገች ልጅ ናት። ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ሠራተኛ ሆና እኔኑ አሳልፋ ሰጠችኝ።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው የጀመረችኝ።

«እቴቴ፣ ሥራ አገኘሁልሽ።»

የልብስ ፋብሪካው በወረርሽኙ በሽታ ጊዜ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የምውለው። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስሰፋ ኖሬ፣ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ሰንሰለት አየሁና ተመለስኩ። ሥራ ስትለኝ ስፌት መሰለኝ።

«ለዓይነ ስውር ተማሪ ማንበብ ነው። ፈተና ላይ ደግሞ የምትልሽን መጻፍ።»

«እኔ? ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት?»

«እሱ እኮ ነው የተፈለገው! ልጅቷ የምትማረው ሕግ ነው። ጸሐፊዋ ሕግ ካወቀች መልስ ትነግራታለች ይባላል። አለቃችን ‹ጽሕፈቱ የሚነበብ፣ ስለ ሕግ ምንም የማያውቅ ሰው ፈልጉ› ሲል ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

ትዝ አልኳት። ምንም የማያውቅ ሰው ሲባል።

በጭራሽ አልሄድም አልኳት። ሐሙስ እጀምራለሁ።

ሐሙስ

የሰጡን ክፍል በበሽታው ጊዜ የታመሙ ተማሪዎች ተለይተው የሚቀመጡበት ነበር። ግድግዳው ላይ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚለው ማስታወቂያ አሁንም አለ። ጥግ ላይ በእግር የሚረገጥ የሳኒታይዘር ማቆሚያ ቆሟል፤ ስረግጠው የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ሁለቱ ወንበሮች እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ክፍሉ ዳርና ዳር ተቀምጠዋል።

ተማሪዋ በነጭ ዘንጓ መሬቱን እየነካካች ገባች። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች። ጓደኞቿ «ዳኛዋ» ይሏታል። ዶርም ውስጥ ጠብ ሲነሳ የምትፈርደው እሷ ናት አሉ። ወንበሯን እየጎተተች አምጥታ ጉልበቴ ጋ አስጠጋችው።

«እማማ፣ ከዚያ ማዶ ሆነው ካነበቡልኝ ከእኔ ይልቅ በር ላይ ያለው ዘበኛ ነው በሕግ የሚመረቀው።»

«እማማ ማን ነው? ሂጂ አያትሽን ፈልጊ!»

«እሺ፣ ምን ልበል?»

«እትዬ ይበቃል።»

«እትዬ፣ ማስክዎንም ያውርዱት። ድምፅዎ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል።»

ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ላብ አጠመቀኝ። አንዱ ቃል ላይ ደጋግሜ ተደናቀፍኩ። አሁን ትስቅብኛለች ብዬ ቀና ስል አገጯን በእጇ ደግፋ ትጠብቀኛለች።

«ስልኬ ጽሑፍ ሲያነብልኝ ከእርስዎ ይፈጥናል» አለች። «ግን ፎቶ ኮፒ ሲያሳዩት ዲዳ ይሆናል። እርስዎ ቢያንስ ዲዳ አይደሉም።»

ይህ ምስጋና ከሆነ፣ ምስጋና የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር።

ዓርብ ማታ

የልጅቷን ነገር ዛሬ ጠይቄ ተረዳሁ። ኮሌጁ ተዘግቶ በስልክ ሲማሩ መምህራኑ ትምህርቱን በድምፅ ቀድተው ይልኩ ነበር። እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ታቆመዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግማ ትሰማዋለች። ያን ጊዜ ከክፍሉ የሚደርስባት አልነበረም። «ዓለም ሁሉ ሲታሰር እኔ ተፈታሁ» ትላለች፤ እየሳቀች ነው የምትለው።

አሁን ሁሉም ወደ ክፍል ተመለሰ፤ ድምፁም ቀረ። የንብረት ሕግ መምህሩ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስር ሰው ነው፣ «በሽታው አልፏል፣ ስልኩም አልፏል» ብሎ ፎቶ ኮፒ ያድላል። ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «ይሄኛው ከዚያኛው በምን ይለያል?» እያለ በጣቱ ይጠቁማል። ድሮ ታነብላት የነበረችው የዶርም ጓደኛዋ ሥራ ይዛ ቀረች። ባለፈው ፈተና ጸሐፊ የሚሆንላት ሰው ስላልተገኘ ከበር ተመለሰች፤ «አልተፈተነችም» ተብሎ ዜሮ ተሞላላት። ዘንድሮ ይህንን ትምህርት ካላለፈች ትሰናበታለች።

ይህንን ለእኔ ለመንገር የእህቴ ልጅ አፍ አልነበራትም። ብትነግረኝ በመጀመሪያው ቀን ማስኬን አውልቄ እገባ ነበር።

ማክሰኞ

ጉሮሮዬ ነደደ። ሁለት ምዕራፍ። ሻይ በማር። ማንበብ እንዲህ የጉልበት ሥራ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

«አየሽ፣ እዚህ ጋ» ብዬ በጣቴ ጠቆምኳት።

«አየሁ» አለችኝ፣ ኮስተር ብላ።

ሞትኩ በሐፍረት። እሷ ግን ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ሐሙስ

ዛሬ ተጣላን። ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው።

አንዲት ሴት የስፌት መኪናዋን ለጎረቤቷ አዋሰቻት። ጎረቤቷ የእኔ ነው ብላ ለሌላ ሰው ሸጠችው። ገዢው መኪናው ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ በግልጽ ገበያ ነው የገዛው። መኪናው የማን ነው? እስከዚህ አነበብኩና ይህማ ምን ጥያቄ ነው ብዬ ገጹን ገለጥኩ። ገዢው ያስቀረዋል ይላል!

«አላነብም» አልኩ።

«እንዴ፣ ምነው እትዬ?»

«የሰው መኪና ተሽጦ! ሴትዮዋ በምን ትሰፋለች? ይህንን የጻፈው ሰው መርፌ ይዞ ያውቃል?»

«ሴትዮዋ እኮ ጎረቤቷን ከስሳ ካሳ ትቀበላለች። ገዢው ምን አጠፋ? በቅን ልቦና ነው የገዛው።»

«ቅን ልቦና ማለት?»

«የሰው ዕቃ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያጠራጥር ነገርም አላየም። አለማወቁ ጠበቀው።»

አለማወቅ ሰው ሲጠብቅ ዛሬ ገና ሰማሁ። እኔን አለማወቄ ከምን ጠብቆኝ ያውቃል? ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲወጡ ቤት የቀረሁ ነኝ። ደመወዜን በጣቴ አሻራ እየፈረምኩ ስቀበል ነው ያረጀሁት።

«ተሰርቆ ቢሆንስ?» አልኳት። ላሸንፋት ብዬ ነበር።

«እሱ ሌላ ነው! ከተሰረቀ ባለቤቱ ያስመልሰዋል። ያዋሰ ሰው ግን ራሱ አምኖ ነው የሰጠው። ማንን እንደሚያምን መምረጥ የእሱ ፋንታ ነው።»

መንገድ ላይ ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ። ለካ ምክንያት አለው።

እራት ላይ ለእህቴ ልጅ አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ የውሰቱን ለብቻ፣ የተሰረቀውን ለብቻ። ማንኪያዋን ይዛ ቀረች።

«እቴቴ፣ ኧረ ጠበቃ ሆንሽብኝ!»

«ብዪ ወጥሽ ይቀዘቅዛል።»

ቅዳሜ

በዊልቸር የሚሄድ አንድ ተማሪ አለ፤ «ሹፌሩ» ይሉታል። በየኮሪደሩ እንደ መኪና ድምፅ እያሰማ ነው የሚነዳው። የዊልቸር መወጣጫ ያለበት የጎን በር ከበሽታው ጊዜ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። ያኔ «መግቢያው አንድ በር ብቻ ይሁን» ተብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ማስኩን ጥሏል፤ መመሪያው ግን አልተነሳም። ልጁ ደረጃ ሥር ሆኖ የሚያነሳው ሰው ይጠብቃል።

ዘበኛውን «ቁልፉ የት ነው?» አልኩት።

«ኪሴ ውስጥ ነው እናቴ፣ ግን መመሪያ አለ።»

«በሽታው ከሄደ መመሪያው ማንን ነው የሚጠብቀው? አንተ በቅን ልቦና አልቆለፍክም!»

ቃሉን ባያውቀውም ደነገጠ። ከፈተው። ሹፌሩ ጥሩምባውን በአፉ እየነፋ ወጣ።

«እትዬ፣ ይግቡ ላድርስዎት!» ይለኛል ደግሞ፣ ጭኑን እየመታ። ባለጌ። እስከ ቤቴ ስስቅ ሄድኩ።

ሰኞ

በሩ ገርበብ ያለ ነበር። ክራቫታሙ መምህር ለእህቴ ልጅ አለቃ ሲነግረው ሰማሁ።

«ለፈተናው እኚያ አሮጊት ናቸው? ግሩም ምርጫ ነው። እንኳን ሕጉን፣ ፊደሉንም በትግል ነው የሚያነቡት።»

አለቃው ሳቀ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ እርግማኔን በደንብ አወርድባቸው ነበር።

ደግሞ ምን አዲስ ነገር አሉ? እውነት ነው ያሉት። ለምን እንደተቀጠርኩ ከመጀመሪያው አውቅ የለም? ታዲያ ምን ብዬ ነው ቆሽቴ የሚያርረው?

ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቶቹን ወደ ቤት ወስጄ ቀድሜ አነባቸዋለሁ። እንዳልንተባተብ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ረቡዕ

ዝናብ። ዳኛዋ በስብሳ መጣች። ሹራቤን አለበስኳት፤ እጅጌው ዋጣት።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቡና ዓይነት።»

«ያምርብኛል?»

«ጆንያ የለበሰች ዳኛ ትመስያለሽ።»

የመያዣን ምዕራፍ ጨረስን። መሳሳቴ ቀንሷል አለችኝ። ለመሆኑ እኔስ የመያዣ ነገር እንዴት ያልቃል ብዬ ጓጉቼ ነበር? አልጓጓሁም።

ዓርብ

ፈተናው ዛሬ ነበር።

ለብቻችን ትንሽ ክፍል ተሰጠን። ፈታኙ ማስኩን አገጩ ላይ ሰቅሎ ደንቡን አነበበልን፦ ጸሐፊዋ ጥያቄ ታነባለች፣ የተባለችውን ትጽፋለች፣ መልሳ ታነባለች። ከዚያ በቀር ቃል አትተነፍስም።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ስለ ውሰት ብስክሌት። ተዋሹ ሸጠው፣ ገዢው አያውቅም። ዳኛዋ ዘንጓን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ጀመረች። ገዢውን አለች፣ ቅን ልቦናውን አለች፣ ማመን የባለቤቱ ምርጫ ነው አለች። እኔ እጽፋለሁ። በልቤ ግን «የተሰረቀውን አትርሺ፣ የተሰረቀውን አትርሺ» እላለሁ። እሷም ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ብስክሌቱ ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ይለወጥ ነበር» ብላ የተሰረቀውንም አክላ፣ በአራት ነጥብ ዘጋችው።

«እሰይ!» አልኩ።

ጮክ ብዬ። ልጁ አንደኛ ወጣ እንደተባለ ሰው።

ፈታኙ ቀና አለ። «ምን አሉ?»

«ምንም።»

«እሰይ ብለዋል። የትኛው መልስ ላይ ነው?»

ወረቀቷን ለብቻ አሽጎ ወሰደው።

ምላሴ ተቆርጦ በወደቀ። ሌላ ምን ልጽፍ እችላለሁ?

ሰኞ

የኮሌጁ ሰዎች ክርክር ይህ ነው። ጸሐፊዋ ትክክለኛ መልስ ላይ እሰይ ካለች ዝም ያለችበት መልስ ስሕተት ነው ማለት ነው፤ ተማሪዋ ያንን ሰምታ ሌላውን ታስተካክላለች። ልጅቷ እኮ አንድም መልስ አልቀየረችም! ቢሆንም ጸሐፊዋ ሕግ የምታውቅ ከሆነች ፈተናው ይሰረዛል ተባለ። ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ልጠየቅ ነው።

ፈተናው ተሰረዘ ማለት ዳኛዋ ተሰናበተች ማለት ነው።

እሷ ትቀልዳለች። «እትዬ፣ ታሪክ ሠሩ! በጸሐፊ ደስታ የተከሰስኩ የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ ነኝ።» እያወራች ግን ዘንጓን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። በኋላ ኮሪደር ላይ ለእናቷ በስልክ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ውጤት ትንሽ ዘገየ እንጂ» ስትል ሰማኋት። ከአምዱ ጀርባ ተደብቄ አለፍኩ። ብትሰማኝም ወሬዋን ቀጠለች፤ የእግሬን ኮቴ እንደምትለየው አውቃለሁ።

ማክሰኞ

ነገ ነው። ጥሩ ቀሚሴን ተኮስኩ።

የእህቴ ልጅ ካውያውን ካልነጠቅኩሽ አለች። ቀጥላ «እቴቴ፣ ነገ ሲጠይቁሽ ምን ልትመልሺ ነው?» አለችኝ።

«የማውቀውን።»

«እኔ የምፈራው እኮ እሱን ነው! አሁን በቃልሽ ስትወጪው በግድግዳ ሰማሁሽ። አንድ ቃል አልሳትሽም።»

«እና ልሳት?»

ቀሚሱን ሰቀለችልኝና ወደ ክፍሏ ገባች።

ማንም ሰው «ምን ታውቂያለሽ?» ብሎኝ አያውቅም። አባቴም አላለኝም፤ ነፍሱን ይማረውና ባሌም፣ ፋብሪካውም አላሉኝም። ነገ የተማሩ ሰዎች ለዚሁ ብለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ጥያቄው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መልሱን በደንብ አውቀዋለሁ። የት ጋ ትንፋሽ እንደምወስድ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ዳኛዋ ማምሻውን ደውላ ነበር። ስለ ነገ አንድም ነገር አላነሳችም። ሹራቤን እንዳጠበችው ነግራኝ ዘጋች።

ረቡዕ

ትልቅ ጠረጴዛ፣ የውኃ ብርጭቆ፣ ክራቫታሙ መሀል ላይ። ዳኛዋ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። አለቃው ከበሩ አጠገብ ጥፍሩን ይበላል። የእህቴ ልጅ ደግሞ እንደ ተቀጣ ተማሪ ከኋላ ቆማለች።

ክራቫታሙ በትሕትና ነው የጀመረው። «እናቴ፣ አይፍሩ። አንድ ሰው ብስክሌት ተውሶ ለሌላ ሸጠ እንበል። ገዢው የውሰት ዕቃ መሆኑን አያውቅም። ብስክሌቱ የማን ይሆናል?»

ሁሉም አዩኝ። ውኃ ጠጣሁ።

«የባለቤቱ ነዋ!» አልኩ። «ይህም ይጠየቃል? ሻጩም ገዢውም ሌቦች ናቸው። ሁለቱም ይታሰሩ!»

«ገዢው ባያውቅም?»

«ሲታሰር ያውቃል።»

ከጠረጴዛው ዳር ያለችው የኮሚቴ ሴትዮ አፏን በወረቀት ሸፈነች።

«የተሰረቀና የውሰት ዕቃ ልዩነት አለው ይላሉ?»

«ዕቃው ሄዷል፣ ጌታዬ። ምን ልዩነት አለው?»

«ታዲያ እሰይ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ ልጅቷ ስትጀምር አታቆምም። አንዱ ዐረፍተ ነገር ብቻ ገጽ ሞላ። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። አራት ነጥብ ስትለኝ ጊዜ ነው እሰይ ያልኩት።»

ክራቫታሙ መነጽሩን አውልቆ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። «እናቴ፣ ለጸሐፊነት ከእርስዎ የሚሻል ሰው አናገኝም» አለኝ። ወረቀቷ እንደማንኛውም ተማሪ እንዲታረም ወሰኑ።

ሳቃቸው እስከ ደረጃው ተከተለኝ።

የእህቴ ልጅ ሮጣ ደረሰችብኝ። «እቴቴ!»

«ረሳሁት።»

«እንዴት ነው ሁሉንም የምትረሺው?»

«ሰው ሲደነግጥ ይረሳል። አታካብጂ።»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አልቃሻ ናት።

ዳኛዋ የሰው ክንድ መያዝ አትወድም፤ በዘንጌ እሄዳለሁ ባይ ናት። ዛሬ ክንዴን ያዘች። ደጅ እስክንወጣ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር፤ «ሲታሰር ያውቃል! ሲታሰር ያውቃል!» እያለች። ዛፉ ሥር ስንደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ ማን አለ አጠገባችን?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው እውነተኛውን ይንገሩኝ።»

ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልኩላት። የውሰቱንም የተሰረቀውንም። ከጨረስኩ በኋላም ክንዴን እስከ ዶርሟ በር አልለቀቀችውም።

ዓርብ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

አለፈች! ክራቫታሙ ራሱ መጥቶ ነገራት። የብስክሌቱን መልስ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች በድምፅ ቀድታ እንድትሰጠው ለምኗታል። «ስልክ አልፏል አላሉም ነበር?» ብላዋለች፣ አፏ አያርፍ። ሹፌሩ ግቢውን በጥሩምባ አደነቆረው። እኔ ትንሽ ብቻ ነው የጨፈርኩት፤ ያውም ሰው በሌለበት።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ይህ አዲስ ነው።

«ለሌሎች ተማሪዎችም ጸሐፊ ቢሆኑልን» አለ። «በእርስዎ ማንም አይከራከርም። ምንም እንደማያውቁ ኮሚቴው ራሱ አረጋግጧል።»

«ማንበብ ከሆነ ለፈለገው ሁሉ አነባለሁ» አልኩት። «ጠዋትም ከሰዓትም ይምጡ። ያልገባቸውን እንከራከርበታለን። ለፈተና ክፍሉ ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ለምን? ጥፋት እኮ አልተገኘብዎትም!»

ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ። እሱ ፊት ያላልኩትን እዚህ ልጻፈው። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ለእሷ ነበር፤ አይቆጨኝም። ከእንግዲህ ግን የማውቀውን ነገር ተጠይቄ፣ ለማንም ብዬ፣ አላውቅም አልልም።